ከታይዋን የገዛናት የስጋ ቴርሞሜትር፣ በፋሲካ ተርኪ ተፈትና

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን ከላይ ላስቀምጥ፦ ግዟት። ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ የምትገኝ፣ ረጅም የብረት መርፌና ትንሽ ስክሪን ያላት ዲጂታል የስጋ ቴርሞሜትር ናት። ሳጥኗ ላይ ያለው ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ዕቃዋ ግን ያችው አንዷ ናት። ዋጋዋ ከአንድ ደህና የአበሻ ዶሮ ያንሳል። ዶሮ ወጥ ብቻ ለሚሰራ ቤት ምንም አትጠቅምም፣ ይህንንም ከወዲሁ ልበል፤ ቁሌት በዓይንና በአፍንጫ እንጂ በቁጥር አይሰራም። ሙሉ ዶሮ፣ የፍየል እግር ወይም እንደኛ ቤት ተርኪ (ከዶሮ በጣም የሚተልቀውን የፈረንጆቹን ወፍ) ኦቭን ውስጥ የሚከት ሰው ግን ይህቺን ሳይዝ ባይጀምር ይሻለዋል።

ተርኪ ድሬ ምን ይሰራል ለሚል፣ ነገሩ የአክስቴ ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ በየዓመቱ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ተርኪ ትጠብስና በቪዲዮ ታሳየናለች፣ እኛም እናያለን፣ አንበላም። እዚህ መጥታ ልስራላችሁ ስትል ደግሞ ጾሙ አለ። ታንክስጊቪንግ በፈረንጆቹ ኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ላይ ነው የሚውለው፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይጋጫሉ። "እንግዲያው ለፋሲካ አደርገዋለሁ" አለች፣ ተባለ፣ ተደረገ። ተርኪው በሕይወቱ ተገዝቶ መጣ፣ ቅዳም ስዑር ማታ ታረደ፣ ፍሪጅ ውስጥ አደረ። ማደሩ ለወጉ አይደለም፤ ከታረደ ወዲያው እሳት ያየ ተርኪ ድርቅ ብሎ ይጠነክራል፣ ጡንቻው እስኪላላ ሰዓታት ይፈልጋል። ተነጭቶና ታጥቦ 5 ኪሎ አካባቢ ወጣው። ያው ሌሊት ዶሮ ወጡ ተበልቷል፣ ስለዚህ ለእሁድ ምሳ ማንም በጣም አልራበውም ብላችሁ ብታስቡ ተሳስታችኋል።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ። ስትገዟት መጀመሪያ የሚደረገው የፈላ ውሃ ሙከራ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የሱቁ ልጅ ራሱ አጫወተኝ፦ "አቦ አንዱ ወስዶ መለሰልኝ፣ ውሃ ሲፈላ መቶ አታሳይም፣ ተበላሽታለች ብሎ። ወላሂ ምንም አልሆነችም!" ልጁ ልክ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባህር ጠለል ላይ ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ብታፈሉት ማለት ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀደም ብሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል በሉት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ96 ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ ወደ 94 ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ። እንግዲህ ድሬ ላይ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብታ 100 የምታሳይ ካገኛችሁ፣ የተበላሸችው እሷ ናት። የኛዋ 96 ላይ ቆማ አልፎ አልፎ 97 ትላለች፣ ለዚህ ዋጋ ከበቂ በላይ ነው። መርፌዋ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ብረቱን ነው የምትለካው።

ሁለተኛው ሙከራ የበረዶ ነው፣ እሱ ከፍታ አያውቅም፣ የትም 0 ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ አማስሉ፣ መርፌዋን መሀል ላይ ያዙ። 0 ወይም 1 ካለች አምናችኋት ተኙ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አላት። ሴንቲግሬድን ወደ ፋራናይት የምትቀይረው ቁልፍ ከማብሪያው አጠገብ ነው፣ ጣታችሁ ዘይት ከነካው ሳታውቁት ትነኩታላችሁ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ 140 ምናምን ይመጣና ሰዉ ይደነግጣል። እኛ ቤት ደግሞ አክስቴ የምታውቀው ፋራናይቱን ነው፣ "165 ሲደርስ ይወጣል" ትላለች፣ እማዬ "165? ልታከስዪው ነው እንዴ!" ትላለች። 165 ፋራናይት ማለት 74 ሴንቲግሬድ ነው። የዶሮም የተርኪም ስጋ ውስጡ እዚያ ሲደርስ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ያልቁለታል፤ ይህ ቁጥር እንደ ፈላ ውሃው ከአገር አገር አይለዋወጥም፣ ድሬም ሐረርም 74 ነው።

ኦቭኑ 165 ሴንቲግሬድ ላይ ነበር (ቁጥሩ እዚህም 165 ነው፣ ይሄ የኦቭኑ ሙቀት ነው፣ የስጋው አይደለም፣ እንዳትቀላቅሉት)። 5 ኪሎ ተርኪ በዚህ ሙቀት 3 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ሆዱ ካልተሞላ። ግን በሰዓት መቁጠር ድሬ ላይ ብዙም አያስኬድም፤ መብራት መሀል ላይ ሄዶ ሲመጣ ኦቭኑ ምን ያህል ቀዘቀዘ፣ ስንት ደቂቃ ይጨመርለት፣ ማን ያውቃል? መርፌዋ ታውቃለች። የሚለካው ሦስት ቦታ ነው፦ ደረቱ በጣም የወፈረበት፣ ታፋው ከገላው የሚጋጠምበት ውስጠኛው በኩል፣ እና የክንፉ ሥር። አጥንት አትንኩ፣ አጥንት ከስጋው የተለየ ሙቀት ያሳያል። ሌላው፣ ጭንቅላቷ ፕላስቲክ ስለሆነ ወግታችሁ ኦቭን ውስጥ ትታችኋት አትዝጉ፤ ትቀልጣለች። ትሪውን ሳብ፣ ወጋ፣ አንብብ፣ ንቀል፣ መልስ። በዚህ በኩል ሽቦ ኖሯቸው ስክሪናቸው ውጭ የሚቀመጡት ይበልጧታል፣ ታይዋን ውስጥ ግን እኔ አላየኋቸውም።

አሁን ዋናው ነገር። ተርኪው ከወጣ በኋላ ስንት ደቂቃ ይረፍ?

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ቢያንስ 20 ደቂቃ ይላል። አክስቴ 30 ትላለች። 45 የሚሉም አሉ፣ እነሱ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ 8 እና 10 ኪሎ ተርኪ ነው። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ስለናንተ ወጥ ቤት ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ይህቺ ዕቃ ዋጋዋን ያወጣችው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የዕረፍት ጊዜ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በስጋው ሙቀት ነው፣ ይህንን ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ላይ ተከታትዬዋለሁ።

ደረቱ 72 ሲል፣ ታፋው ከ74 አልፎ ነበር፣ አክስቴ አወጣችው። "74 አልደረሰም እኮ" አልኩ። "ጠብቅ" አለችኝ። መርፌዋን ደረቱ ውስጥ ተክለን ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እሳት የለም፣ ኦቭን የለም፣ ቁጥሩ ግን 73 አለ። ከዚያ 74። ከዚያ 75። ቤተሰቡ በሙሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፣ ልጆቹ በየቁጥሩ ይጮሃሉ። 76 ላይ ቆመ፣ ለትንሽ ጊዜ ወዲያም ወዲህም አላለም፣ ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የውጪው ስጋ ከመሀሉ በጣም ይሞቃል፣ ከኦቭን ከወጣም በኋላ ያ ሙቀት ወደ ውስጥ መዝለቁን አያቆምም። ትልቅ ተርኪ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ኦቭን ውስጥ 76 ብትጠብቁለት ኖሮ ጠረጴዛው ላይ 80 ገብቶ ደረቱ ይደርቅ ነበር። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግን ይህን ጨዋታ አትጫወቱ፣ 74 ሳታዩ ማንም አይጉረስ።

ሰዉ ግን አላስቻለውም። ጋሼ፣ የአባቴ ወንድም፣ "ወጣ አይደል እንዴ? ይቅረባ! ሰው በረሃብ አለቀ" ይላል። እማዬ ቢላዋ ስላ ቆማለች፣ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ልታወጣው፤ ተጠብሶ የሚበለት ነገር ለሷም አዲስ ነው፣ የኛ ዶሮ ተበልቶ ነው ወጥ ውስጥ የሚገባው፣ ወዙ ቢፈስም የሚፈሰው እዚያው መረቁ ውስጥ ነው፣ ማን ያሳርፈዋል? አክስቴ "እትዬ ትንሽ ታገሺኝ" ብትላትም ጋሼ አንዱን ታፋ ገነጠለ። ከወጣ 5 ደቂቃ እንኳን መሙላቱን እንጃ። መክተፊያው ላይ ሲያሳርፈው ወዙ እንዳለ ፈሰሰ፣ ከመክተፊያው ጠርዝ አልፎ ጠረጴዛው ልብስ ላይ ደረሰ። "አየህ፣ የምትበላውን ነው ያፈሰስከው" አለችው አክስቴ። እሱ ግን በእንጀራ ጠራርጎ በላው፣ አንዳች አልጸጸተውም።

ደረቱ ሌላ ታሪክ ነው። ቁጥሩ ወደ 65 ሲወርድ፣ ከወጣ 40 ደቂቃ ገደማ ሆኖታል፣ አክስቴ ቆረጠችው። መክተፊያው ረጠብ ከማለት በቀር የሚፈስ ነገር የለም። ቁራሹን ስትጫኑት ብቻ ነው ወዙ ብቅ የሚለው። ብዙ ቦታ "ሲያርፍ ወዙ ወደ መሀል ይመለሳል" ተብሎ ይወራል፣ ጉዳዩ ግን ከዚያ ቀለል ይላል። ስጋ ሲግል ጭረቶቹ ይኮማተራሉ፣ ውሃቸውን ጨምቀው ያወጣሉ፤ ያ ውሃ ትኩስ እያለ ቀጭን ስለሆነ ቢላዋ ሲነካው ይፈሳል። በረድ ሲል ውስጡ የሟሟው ጄላቲንና ፕሮቲን ያወፍረዋል፣ ስጋውም ይላላል፣ ስለዚህ ባለበት ይቀራል። የቅልጥም ወይም የእግር መረቅ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚረጋ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለማመን አይቸገርም።

40 ደቂቃው ባዶ ጊዜ እንዳይመስላችሁ። ትሪው ላይ የቀረውን ስብና ቅሪት አክስቴ በዱቄት አማስላ ሶስ ሰራችበት፣ እማዬ አዋዜ ጨመረችበት፣ አክስቴ መጀመሪያ ፊቷን አጨፈገገች፣ በኋላ ግን ከሁሉም ሰው በላይ የበላችው እሷ ናት።

የድሬ ነገር ይለያል ስል ይሄን ማለቴ ነው። እነዚህ የ20 እና የ30 ደቂቃ ምክሮች የድሬን ሙቀት አያውቁትም። ሚያዝያ ላይ፣ በዚያ ላይ ኦቭን 3 ሰዓት የነደደበት ኩሽና ውስጥ፣ ስጋው ለመቀዝቀዝ አይቸኩልም። ስለዚህ "ቶሎ እንብላ ይቀዘቅዛል" የሚለው ስጋት እኛ ጋ አይሰራም፣ ዝም ብላችሁ አሳርፉት። ፎይልም አያስፈልገውም። ፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ከጠቀለላችሁት በእንፋሎቱ ቆዳው ይልፈሰፈሳል፣ ያን ያህል ሰዓት የደከማችሁበት የሚንኮሻኮሽ ቆዳ አበቃለት ማለት ነው። ሐረር ወይም ከዚያ በላይ ብርድ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ግን ፎይሉን ላላ አድርጋችሁ ጣል ማድረግ አይከፋም።

ፋኑን ግን አጥፉ። ድሬ ውስጥ ጣራ ላይ ፋን የማይዞርበት ቤት የለም፣ ትሪው ከሥሩ ከተቀመጠ ላዩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፣ ውጪው ግን ይደርቃል። ፋኑ ሲጠፋ ዝንቡ ይመጣል፣ እሱን አውቃለሁ። እዚያው ታይዋን እንደ ዣንጥላ የምትዘረጋ የምግብ መሸፈኛ መረብ አለች፣ አብራችሁ ግዟት፣ እንፋሎቱን ታስወጣለች፣ ዝንቡን አታስገባም። ከቴርሞሜትሯ ጋር የምትሄድ ጓደኛዋ እሷ ናት።

የሙቀታችን ሌላኛው ፊት ደግሞ ቀልድ የለውም። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። የበሰለ ምግብ ውጭ ሲቀመጥ የሚባለው ደንብ 2 ሰዓት ነው፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን 1 ሰዓት ብቻ። ድሬ ላይ ደግሞ 32ን ማለፍ ወሬ አይደለም። እኛ አገር የበዓል ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነሳል፣ ማታም እዚያው ነው። ዶሮ ወጥ መልሶ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ደህና። የተጠበሰ ደረት ግን ማንም አያሞቀውም፣ እንዳለ ነው የሚነጨው። ስለዚህ ማረፊያው አልቆ ከተበላ በኋላ የቀረውን ከአጥንቱ አላቅቃችሁ፣ ሳሳ አድርጋችሁ በዝርግ ሳህን ዘርግታችሁ ፍሪጅ ክተቱ። ሙሉውን እንዳለ ብትከቱት ውስጡ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ጎረቤት ሲመጣ አውጥቶ ማሞቅ ነው፣ መርፌዋም እዚያው አለች፣ 74።

ተርኪ ለማትጠብሱ ሰዎች፣ ማለትም ለሁላችሁም ማለት ይቻላል፣ ለሙሉ ዶሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል። ትንሽ ስለሆነ ከወጣ በኋላ የሚጨምረውም ጥቂት ነው፣ 74 እዚያው ኦቭን ውስጥ እስኪደርስ ጠብቁለት። ሙሉ የፍየል እግር ጠብሳችሁም ያው ነው፣ ሳይቆረጥ ይረፍ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የዕቃዋን ጉድለት ልጨርስ። ታዘግማለች፤ ትክክለኛውን ቁጥር እስክትይዝ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ መጠበቅ አለባችሁ፣ ያ ሁሉ ኦቭኑ ተከፍቶ ሙቀቱ እየወጣ ነው። ለተወሰነ ደቂቃ ካልነካችኋት ራሷን ታጠፋለች፣ ባትሪ ለመቆጠብ ነው፣ ዕረፍቱን ስንከታተል ግን በየመሀሉ ስትጠፋብን ልጆቹ ሊያለቅሱ ነበር። እንፋሎት ከስክሪኑ ሥር ይገባል። ስታጥቧት መርፌዋን ብቻ በሳሙና እሹ፣ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ጥሬ ስጋ ከወጋችሁባት በኋላ ሳታጥቧት የበሰለውን አትውጉ፣ ይሄን ማስታወስ እንኳን አልነበረብኝም፣ ግን አይቻለሁ።

ባትሪዋ ኤል አር 44 የምትባለው ክብ የካልኩሌተር ባትሪ ናት፣ ሰዓት ሠሪዎችም ጋ አትጠፋም፣ አንድ መለዋወጫ ያዙ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አብሯት፣ ባትሪው ላይ የምትቀመጠው ጭራ ፕላስቲክ ከተነሳች በኋላ ስክሪኑ ሙሉ ቁጥር ማውጣቱን እዩ፣ የመርፌዋ ሽፋን አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ፣ ያለ ሽፋን መሳቢያ ውስጥ ከገባች የምትወጋው ተርኪ ሳይሆን እናንተን ነው። ዋጋ ሲጠሩላችሁ ደግሞ ወዲያው እሺ አትበሉ፣ ሦስት ሱቅ አልፋችሁ ያችው ዕቃ በሌላ ሳጥን አለች።